እጥፋት ያለው ጫማ

ባሏ ታሞ ቤት ሲውል የጫማ ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅነት እሷ ተረከበች። በመጀመሪያው ቀን የልብስ ስፌት መኪናዋን አሸክማ መጥታ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠችው። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምትላቸው የፋብሪካው ባለድርሻ፣ ይህን አይተው «መርፌ» የሚል ስም አወጡላት። ሠራተኛውም ለመደው፤ እሷም ሲጠሯት አቤት ትላለች።

እውነትም ልብስ ሰፊ ነበረች። የልጅ ቀሚስ ስትሰፋ ልጅቷ ስታድግ እንዲለቀቅ ጫፉን ሰፋ አድርጋ ታጥፈዋለች። ይህ አመሏ ጫማ ላይም አልተዋትም። እናቶች ሰፊ ጫማ ገዝተው አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ ሲጠቀጥቁ አይታለች፤ ራሷም ለልጇ ጠቅጥቃለች። ስለዚህ ከውስጡ ሁለት ተነቃይ ንጣፍ የተደራረበበት የልጆች ጫማ አሠራች። እግር ሲያድግ አንዱን መዞ ማውጣት ነው። ለሙከራም ጥቂት ጥንድ ለአንድ ባለሱቅ ሰጠች።

ጋሼ ናሙናውን አገላብጠው ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ በጅምላ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ለእሳቸው አዲስ ነገር ማለት ቀለም መቀየር ነው።

«ጫማው ከከረመ እናትየዋ መቼ ተመልሳ ልትመጣ ነው?» አሏት።

«ሌላ ልጅ አላት፣ ጋሼ። ጎረቤትም አላት።»

አልተዋጠላቸውም። ወይ ጫማውን ተዪ፣ ወይ ወንበሩን ልቀቂ አሉ። ወንበሩ የባሏ አደራ ነው። ጫማው ደግሞ የራሷ ነው፤ እሱን ከተወች እዚያ ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥ ልዩነት የለውም።

«እንግዲያው ይቀመጡበት» አለች። «እኔ ታች መሥራት አልጠላም።»

ከቆዳ ቆራጩ ጋር ተጋግዘው የስፌት መኪናዋን ከቢሮው ታች ወዳለው መሥሪያ ክፍል አወረዱት። ቆራጩ ፈራ ተባ እያለ የቱን ልቁረጥ ሲላት፣ የልጆቹን አለችው።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ብዙም ሳይቆዩ ስልኩ ጮኸ። ባለሱቁ ነው። የልጆቹ ጫማ አልቋል፤ እናቶች እየተመላለሱ አስቸግረውኛል፣ ቶሎ ላኩልኝ ይላል። ጋሼ መቼም ነጋዴ ናቸው፤ ገዢን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። እሺ አሉት። ደረጃውን እያጉረመረሙ ወርደው አጠገቧ ቆሙ።

«መርፌ፣ ጫማው መቼ ይደርሳል?»

እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አላነሳችም።

«ወንበሬ መቼ ይደርሳል?»

ቆራጩ ሳቁን ለመደበቅ ቆዳው ላይ አቀረቀረ። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ወደ ቢሮው ሊመልሱት የመኪናዋን አንድ ጫፍ ያዙና ክሩን በጥሳ እስክትነሳ ቆመው ጠበቋት።