ከስምንት መቶ በላይ

ሸዋአለም ይህን ግትርነት ከማን ወረሰችው? ዲላ ላይ ፎቶ ቤት አብረው ከከፈቱ ጀምሮ ፈድሉ ራሱን ይጠይቃል። እሷ ታነሳለች፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ያሳምራል። የቤቱን ሕግ ያወጣው እሱ ነው፦ የካሜራው አይኤስኦ ከስምንት መቶ አይለፍ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ካሜራው በጨለማ ያያል፤ ምስሉ ላይ ግን ነጠብጣብ እንደ ጉንዳን ይፈላል። የቡና ገንዘብ ሲገባ ሠርግ የሚደግስ ሰው ደግሞ የሚወደው እንደ መስታወት የጠራ አልበም ነው።

ወርቃ ከተማ ኤልቤቴል የምትባል ደንበኛቸው ስትዳር ሕጉ ፈረሰ። አባቷ አቶ ቶሌራ ታመው ከተኙ ከርመዋል፤ ፍላሽ ሲበራባቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ልጃቸውን የመረቁት በጓዳ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። በስምንት መቶ ብታነሳ ካሜራው ስለሚዘገይ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው እንደ ጭስ ሊደበዝዝ ነው። ሸዋአለም ቁጥሩን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አድርሳ፣ ሽማግሌው እንደ ልማዱ በሙሽራዋ መዳፍ ላይ «እንትፍ» ሲሉ ያዘቻቸው።

የሙሽራው ወንድም ደበበ አልበሙን ሊወስድ መጥቶ ያ ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ይሄ ፎቶ ነው ወይስ ጤፍ የተሰጣበት ሰሌን ብሎ፣ ካልጸዳ የራሱን ሠርግ ለሌላ ፎቶ ቤት እንደሚሰጥ ነገራቸው። ፈድሉ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ነጠብጣቡን አጠፋው። የሽማግሌው የፊት ሽብሽብም አብሮ ጠፋ፣ ጢማቸውም ጠፋ፤ የተላጠ ድንች መሰሉ።

«እኚህ የማን አባት ናቸው?» አለች ሸዋአለም።

«ሸዋዬ፣ ደንበኛ ነው፤ ተይው» አላት ፈድሉ።

«አልተወውም። ኤልቤቴል ራሷ መጥታ ይህን ልሙጡን ከመረጠች ያን ጊዜ ይወስደዋል» ብላ አልበሙን ከደበበ እጅ መንጭቃ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

ደበበ እየተሳደበ ወጣ። በማግስቱ ኤልቤቴል መጣች። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አየቻቸው። ነጠብጣብ ባለበት ላይ ጣቷን አሳርፋ የአባቷን እጅ ተከተለችና «ይሄ ነው» ብቻ አለች። አልበሙን ከነገጹ ይዛ ሄደች። ደበበም ቃሉን አላጠፈም፤ ሠርጉን ይዞ ጎረቤት ፎቶ ቤት ገባ።

ፈድሉ ሸዋአለም ትጸጸታለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ኤልቤቴልን አስፈቅዳ ያንኑ ፎቶ በትልቁ አሳተመችና ደበበ በሚያልፍበት በኩል መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ቤቷ ገብታ እራቷን በላች፤ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።