ሩሲያዊውን አጥቂ የጠለፍኩበት እሁድ

እኔ ኳስ ሜዳ ላይ ጥሩ ሰው አይደለሁም። ቤቴ ውስጥ ሰላማዊ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አንገቴን ደፍቼ ነው የምገባው፤ ታኬታዬን ካሰርኩ ግን ሌላ ፍጡር ነኝ። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ስጫወት አንድም ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም። ስለዚህ ያንን የሩሲያ ሰው ጠለፈው ሲባል ማንም አልተገረመም። ታሪኩ ግን እንደሚወራው አይደለም።

ሁለታችንም ከአገራችን ርቀን ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ አብረን እንሠራለን። እሱ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ይነዳል፣ እኔ የሚጫነውን ዕቃ ስካን አደርጋለሁ። ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ረጅም፣ ፀጉሩ ሙልጭ ብሎ የነጣ፣ ቀኝ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሰው ነው። እንግሊዝኛው የኔን እንግሊዝኛ የሚያስመሰግን ቢሆንም እንግባባለን። ኳስ ተጫዋች እንደነበረ ያወቅኩት አንድ ቀን የማሸጊያ ፕላስተር ከእጄ ሲያመልጠኝ ነው። መሬት ሳይነካ በእግሩ ተቀበለውና ወደ እጄ መለሰልኝ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ፎርክሊፍቱ ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ለቀቅኩት? ምን ሲደረግ። በየብሬኩ ታሪኩን እየጎተትኩ አወጣሁት። ያደገው ሳይቤሪያ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ያለ ከተማ ነው። እዚያው ለከተማው ክለብ ፈርሞ አጥቂ ሆነ። ለአንድ ጨዋታ ሁለት ቀን በባቡር የሚሄዱበት ጊዜ ነበር፤ ባቡር ውስጥ ድንች ልጠው ቀቅለው ይበላሉ፣ ሲደርሱ ሜዳው በረዶ ለብሶ ይጠብቃቸዋል። አንድ ዓመት ትልቁ ሊግ ውስጥ ያለ ክለብ ወስዶት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ ወንበር ሲያሞቅ ከረመና ወደ ድሮው ክለቡ ተመለሰ።

«ታዋቂ ነበርክ?» አልኩት።

«ዳቦ የምትሸጠዋ ሴትዮ ታውቀኝ ነበር» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላው አገሩ ተለዋወጠ፣ ክለቡም ፈረሰ። አንድ ጠዋት ለልምምድ ሲሄዱ የስታዲየሙ በር ተቆልፎ አገኙት፤ በቃ፣ አለቀ። ጉልበቱ ያኔም ደህና ስላልነበር ሌላ ክለብ አልወሰደውም። ሕፃናት ሲያሠለጥን ኖሮ ሴት ልጁ እኛ ወዳለንበት ከተማ ወደ አውሮራ አመጣችው። አሁን ደግሞ ጉልበቱ በብረት ሊቀየር ነው፤ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ኳስ የሚባል ነገር እንደሌለ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። «የመጨረሻ ጨዋታ አልነበረኝም» አለኝ። «ስጫወተው የመጨረሻ መሆኑን ማን ነገረኝ? አንድ ጨዋታ ብቻ ብጫወት። የእውነት ጨዋታ።» አንጀቴን በላው።

እኛ ሐበሾች በጋ በገባ ቁጥር እሁድ ከሰዓት አውሮራ ውስጥ አንድ ፓርክ እንጫወታለን፤ የቻምበርስ ሮድ ሰፈር ልጆች በአንድ ወገን፣ የሞንትቤሎ ሰፈር ልጆች በሌላ። ኦርቶዶክሶቹ ከቅዳሴ በኋላ ምሳቸውን በልተው ሆዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጴንጤዎቹ ፕሮግራማቸው አልቆ ስለማያልቅ ሁልጊዜ ያረፍዳሉ፣ በዚህ እየተተራረብን ነው የምንጀምረው። እኔ የቻምበርስ ተከላካይ ነኝ። ሞንትቤሎዎች አጥቂ ስላልነበራቸው ሰውዬውን ለእነሱ ሰጠኋቸው፤ ታሪኩንም አንድ ሳላስቀር ለሁሉም ነገርኳቸው። ይህን ባልነግራቸው ይሻል ነበር።

ሽበቱን ሲያዩ «ጋሼ» አሉት። አንዱ ቦርሳውን ተቀበለ፣ አንዱ ወንበር ዘረጋለት፣ አንዱ የውሃውን ክዳን ከፍቶ ሰጠው። ይሄ ደግ ነው። ዳኛ የምንሆነው በየተራ ስለሆነና የመጀመሪያው ግማሽ የኔ ተራ ስለነበር ፊሽካ ይዤ መሃል ቆምኩ። ሰውዬው ኳስ ሲይዝ የኔ ልጆች እንደ ሊፍት በር ለሁለት ተከፈሉለት። አንዱ ሳያስበው ትከሻውን ቢነካው «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ጎንበስ አለ። በረኛችንማ ኳሷ በግራ ስትመጣ በቀኝ ወደቀ። እረፍት ሳይደርስ ሦስት ጎል አገባ፤ በየጎሉ ሁለቱም ቡድን ያጨበጭባል። ደሜ ፈላ፤ ግን በአክብሮት ላይ ፊሽካ አይነፋም።

በእረፍት ሰዓት ሄጄ ሳየው ታኬታውን እየፈታ ነው።

«በአንድ ቀን ሦስት ጎል አግብቼ አላውቅም» አለኝ። «ልጆችህ ጨዋ ናቸው። ግን ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ነው የሚመስሉት።»

ፊቱ ላይ ያየሁትን ሐዘን መቼም አልረሳውም። «እሰር» አልኩት፣ «ታኬታህን እሰር።» ወደ ልጆቹ ሄጄ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኳቸው።

በረኛችን በየቤቱ እየሄደ አረጋውያን የሚንከባከብ ልጅ ነው። «የኔ ሥራ እኮ ሽማግሌ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው» አለኝ። «በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ እንዴት እግሬን አነሳለሁ? ጉልበታቸው ቢሰበርስ?»

«ይቀየራል ተብሎ ቀጠሮ ተይዞለታል!» አልኩና ፊሽካውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ማልያዬን ለበስኩ።

ሁለተኛው ግማሽ እንደተጀመረ ኳስ ተቀበለና በለመደው ክፍት መንገድ ሊያልፍ ሲል ሸርታቴ ወረድኩበት። ኳሷንም እግሩንም አገኘሁ። በቁመቱ ልክ ተዘረረ። ከዳር የተቀመጡ አንዲት እናት «አንተ ባለጌ!» ሲሉኝ ሁሉም ሰማ። እሱ በሆዱ እንደተኛ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ገደልኩት ብዬ ላየው ጎንበስ አልኩ።

እየሳቀ ነበር። ተነሳና በሩሲያኛ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ነገር ተናገረኝ፣ ደረቴን ገፋ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሮ «ፋውል!» ብሎ ጮኸበት።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ልጆቹ ተፈቱ። ኳሷን ይነጥቁታል፣ እሱም ይነጥቃቸዋል፣ ማልያቸውን ይጎትታል፣ ሽማግሌው ለካ ተንኮለኛ ነው። በረኛችን አንዱን ምቱን ዘሎ ሲያወጣበት ሰውዬው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሰማይ አየ። የሞንትቤሎ ልጆችም ሳይቀሩ «ጋሼ ያቀብሉ እንጂ!» እያሉ ተቆጡት። በንዴትም «ያቀብሉ» ነው። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች በኩል ደመና መጥቶ ማጉረምረም ሲጀምር፣ መብረቅ ሳይመጣ እንጨርስ ተባለ። የመጨረሻዋ ኳስ እሱ እግር ላይ ደረሰች፤ ከፊቱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ኳሷን ፈለግኳት። ትከሻውን ወደ ግራ ሰበቀ፣ ተከተልኩት፤ ኳሷን በእግሮቼ መሃል አሾልኮ አለፈኝ። በረኛችን በሙሉ ቁመቱ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ ነካት፣ ገባች።

ማንም አላጨበጨበም። የኛ ልጆች እርስ በርስ መካሰስ ጀመሩ። እኔ የውሃ ፕላስቲኩን በርግጫ አነሳሁት፣ በረኛውን ሰደብኩት፣ ከእናንተ ጋር ዳግመኛ አልጫወትም አልኩ። ሰውዬው እያነከሰ መጣና ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ትክ ብሎ አየኝ። ንዴቴ የውሸት መሆን አለመሆኑን እየመረመረ ነበር። አንዴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አሁን ጨረስኩ» አለኝ። እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

አቀፈኝ። እኔ እስከ መኪናዬ ድረስ እንደተናደድኩ ነው የሄድኩት።