ህዳር አስራ ሦስት የሚለው ካርድ

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ ስክሪኔን አየና፣ «ይሄ ‹ረቡዕ› የሚለው እዚህ ምን ይሰራል?» አለኝ።

ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ገፅ እየሰራሁ ነበር። ቀጠሮ የያዘ ሰው በስልኩ የሚያያት ትንሽ ሳጥን ናት፤ ከላይ ቀኑ (ለናሙና 12)፣ ከስሩ የዕለቱ ስም፣ ከዚያ ሰዓቱ።

«ቀኑ ተፅፎ የለም እንዴ? ስሙ ትርፍ ነው፣ ያጣብባል። አውጪው።»

«አላወጣውም» አልኩት።

ከተመረቅኩ ገና አምስት ወሬ ነው። እዚህ ባህር ዳር ስራ ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት ወርም አልሞላኝም። እንዲህ ያለ መልስ እንደማያዋጣኝ አውቃለሁ። እናቴ «አፍሽ ከእግርሽ ቀድሞ ነው የሚገባው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ግን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመታወቂያዬ ጀርባ፣ ጠርዟ የተበላ አንዲት ካርድ አለች። እሷን እያሰብኩ እሺ ማለት አልቻልኩም።

ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ለኢንተርንሺፕ ወደ አገሬ ወደ ሰቆጣ የተመለስኩ ጊዜ ነው። የተመደብኩት አንድ የዓይን ሕክምና ክፍል ነበር። ያን ዓመት ህዳር ላይ ከአዲስ አበባ ቀዶ ሐኪሞች መጥተው ለሦስት ቀን የዓይን ሞራ ሊገፍፉ ቀጠሮ ተይዟል። ሦስት ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም። ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ሙሉ የጎጃም ሰው ናት፤ በስራ ተመድባ መጥታ እዚያው የቀረች። ሕሙማንን የምትመዘግበው ትልቅ ደብተር ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የሰራሁት የመመዝገቢያ ዌብ አፕ ነበረኝ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ላፕቶፔ ላይ ይሰራል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የቀጠሮ ካርድ ያትማል። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

«ሲስተር፣ አንቺ ሞክሪው፤ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ» አልኳት የመጀመሪያ ቀን። የተጠቃሚ ሙከራ እንዲህ ነው የሚደረገው ብለው አስተምረውናል፤ ዝም ብሎ ማየት። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። እሷ «መዝግብ» የሚለውን ነካች፣ ምንም አልታያትም፣ ደግማ ነካች፣ ሦስተኛም ነካች። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመዘገቡ።

«አንዴ ነው የሚነካው!» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማሁ አላለኝማ! በር ስታንኳኪ የሚመልስልሽ ከሌለ ደግመሽ አታንኳኪም?»

ነገሩ ገባኝ። ሲመዘግብ «ተመዝግቧል» ብሎ በአረንጓዴ እንዲመልስ አደረግኩት። የአባት ስም ካልሞላ አላልፍ የሚለውንም አስተካከልኩ። የምትለኝን ሁሉ እያጉረመረምኩም ቢሆን ሰራሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። «ካርዱ ላይ ቀኑን ከነስሙ አድርጊልኝ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ በይው» ብላኝ ነበር። «ቀኑ ካለ ስሙ ትርፍ ነው ሲስተር፣ ዲዛይኑን ያበላሸዋል» አልኳት። በትልልቅ ፊደል ቀኑ ብቻ መሀል ላይ ሲቀመጥ ያምር ነበር። እንዴት ያምር ነበር!

የሐኪሞቹ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተላከልን። አፑ ወደኛ ቀየረው፤ የመጨረሻው ቀን ህዳር 13 ሆነ። እርግጠኛ ለመሆን ግድግዳው ላይ ካለው ካሌንደር ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው። ስለዚህ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሕሙማኑ ለምርመራ ሲመጡ ካርዱን እያተምን እዚያው ሰጠናቸው። የሰቆጣ ዙሪያዎቹን ሰኞ፣ የጎረቤቱን ወረዳ የፃግብጂን ሰዎች ማክሰኞ አደረግኳቸው። የሰሃላዎቹ ግማሹን መንገድ በእግር ስለሚመጡ፣ ጊዜ ይኑራቸው ብዬ ወደ መጨረሻው ቀን ወሰድኳቸው። ደግ የሰራሁ መስሎኝ።

ከሰሃላዎቹ አንዷ እማ ትብለፅ ነበሩ። በልጃቸው ክንድ ተመርተው ገቡ፣ ከመቀነታቸው የማሽላ ቆሎ አውጥተው ወደ ድምፄ ዘረጉልኝ። ኽምጣንጋ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ እኔ የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ እሰማለሁ፣ መመለሱ ላይ ነው የምኮላተፈው። ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው ዘመን ተረኩልኝ። ፎርሙ ላይ የሚሞላው ቁጥር ነውና ቸኮልኩ።

«በቁጥር ይንገሩኝ፣ እማ። ስንት?»

«ኧረ ይቺ ልጅ ድምጿ ቁጡ ነው!» አሉ ለልጃቸው። «ፊቷን ሳላይ ግን አልፈርድባትም። ዓይኔ ሲበራ መጥቼ እፈርዳለሁ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ካርዳቸውን አተምኩ። ህዳር 13።

ሐኪሞቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ በገበያ ቀን፣ የኔታ ክንፈ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ስለተሸፈነ ንባቡን በቃል ነው የሚያርሙት። እሳቸውንም ወደ መጨረሻው ቀን አድርጌያቸዋለሁ። የመጡት ጾመው መታከም ይችሉ እንደሆነ ሊጠይቁ ነበር።

«እስኪ ይቺን አንብቢልኝ ልጄ» ብለው ካርዱን ሰጡኝ።

«ህዳር አስራ ሦስት ይላል፣ የኔታ።»

«ሐሙስ።»

«ረቡዕ ነው እንጂ» አለች ሲስተር ሙሉ ከወዲያ ጠረጴዛ። «የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነው። ማታውኑ ይሄዳሉ።»

የኔታ መቁጠር ጀመሩ። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ሲሄድ ይታየኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ረቡዕ ሚካኤል ነው፣ አስራ ሁለት። አስራ ሦስት ሐሙስ ነው።»

«የኔታ፣ ይሄን ያሰላው ኮምፒውተር ነው» አልኩ። ቢያንስ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።

«ጎበዝ። የት ነው የተማረው?»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዘንድሮ መስከረም በማክሰኞ ገባ። ጥቅምት በሐሙስ፣ ህዳር በቅዳሜ። ከቅዳሜ ጀምረሽ ቁጠሪ።»

ከጠረጴዛው ስር በጣቴ ቆጠርኩ። አስራ ሁለት ረቡዕ ላይ ወደቀ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው።

«ጳጉሜን ስንት አደረግሻት?» አሉኝ።

«አምስት።»

«ስድስት ነበረች። ሉቃስ ሲወጣ ስድስት ናት። አሁን ዘመነ ዮሐንስ ነው።»

ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ። «ካሌንደሩ የአምና ነው!» አልኩ፤ ያው የተማመንኩበት። ሲስተር ሙሉ የጣና ስዕል ስላለበት አላወርድም ብላ ያስቀረችው። እኔም አፑን የሞከርኩት ነሐሴ ላይ፣ በአምናው ቀን ነበር፤ ያኔ ሁሉም ልክ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን የኛ አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ አንድ ቀን ዘግይቶ እንደሚገባ አንድ ቦታ አንብቤ፣ «ቆይቼ እጨምራለሁ» ብዬ አልፌው ነበር። አልጨመርኩም።

ስህተቱ ያለው አንድ መስመር ላይ ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ ለማስተካከል ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ግን ኮዱን አስተካከልኩ እንጂ በሰው መቀነት ውስጥ ያለውን ካርድ ምን ላድርገው? ሁሉም ካርድ አንድ ቀን ዘግይቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ሰዎች ቢዘገዩም ሐኪሞቹን ያገኛሉ፤ ቅርብ ስለሆኑም መልእክት ይደርሳቸዋል። የመጨረሻዎቹ ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ባዶ ክፍል ነው የሚያገኙት። እማ ትብለፅ ባዶ ክፍል ደጃፍ ቆመው ታዩኝ።

ሲስተር ሙሉ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አንስታ ወደ ሰሃላ ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች። መስመር የለም።

«ስሙን ጨምሪ ስልሽ…» ብላ ተወችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር።

«አሁን ጥፋት የምንካፈልበት ሰዓት አይደለም» አሉ የኔታ። «ገበያው አልተፈታም። የሰሃላ ሰዎች ማር ይዘው መጥተዋል፤ ደብዳቤ ይወስዳሉ። እዚያ የሚያገለግሉት ቄስ እኔ ዘንድ የተማሩ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይናገሩታል። ጻፊ።»

መብራት ስለጠፋ ማተም አልተቻለም። እስክሪብቶ አንስቼ እሳቸው እያሉኝ ጻፍኩ። «ለዓይን የተቀጠራችሁ ሁሉ፣ ወረቀቱን ተዉት። በሚካኤል ዕለት ሰቆጣ ተገኙ።» ቁጥር አላስገቡበትም። እንዳይጠፋ ብለው ያንኑ በሦስት ወረቀት አስጻፉኝ። ወረቀቶቹን ይዤ በሩጫ ወደ ገበያ ወረድኩ። ማር ሻጮቹ ጋ ስደርስ አህዮቻቸውን እየጫኑ ነበር። ለሦስት ሰው ሰጠሁ። አንደኛው ደብዳቤውን ኮፍያው ውስጥ ሲከተው «እንዳይጥሉት!» ብዬ ጮህኩበት።

«አንቺ፣ የዓይን ነገር አይደል? እናቴ አለችበት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መልስ የሚባል ነገር አልመጣም። ይድረስ አይድረስ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ፎርም ላይ «ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ፅሁፍ ማስገባት ቀላል ነው። ለደብዳቤ ግን የለም። ሲስተር ሙሉ በር አንኳኩቶ መልስ ስለማጣት ያለችኝ ያን ሳምንት በደንብ ገባኝ። እናቴ የማሽላ እሸት ጠብሳ ብታቀርብልኝ ሁለት ፍሬ ቀምሼ ተውኩት።

ሐኪሞቹ መጡ። ሰኞ ሆነ፣ ማክሰኞ ሆነ፣ ሁሉም በተራው ገባ። የሚካኤል ዕለት ጠዋት በብርዱ በር ላይ ቆሜ ዝርዝሩን ይዤ ጠበቅኩ። የኔታ ክንፈ በመጀመሪያ ገቡ። ከሰሃላ አንድም ሰው የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። አንዱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ፣ «የቀሩት የታሉ? እቃችንን እንጠቅልል እንዴ?» አለ።

«ትንሽ ይጠብቁ» አልኩት።

አምስት ሰዓት ላይ በአቀበቱ በኩል ነጭ ነገር ታየኝ። ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ ሰዎች፣ አንዱ ያንዱን ክንድ ይዞ፣ በርጋታ፣ በጣም በርጋታ ይመጣሉ። ከፊት እማ ትብለፅ ናቸው።

እየሮጥኩ ሄድኩ። «የት ነበራችሁ? ከመቼ ጀምሬ ነው የምጠብቃችሁ! አሁን ነው ከሰሃላ የምትገቡት?»

«ትናንት ማታ ነው የገባነው» አለች ልጃቸው።

«ታዲያ?»

«በሚካኤል ኑ ተባልን፣ መጣን» አሉ እማ ትብለፅ። «ሚካኤልን ሳንሳለም ወዴት እንምጣ? አስቀድሰን መጣን። ያው ቁጡዋ ልጅ ነሽ አይደል?»

እኔ እዚያ እየሞትኩ እነሱ ሰቆጣ ውስጥ ቅዳሴ ላይ ነበሩ! መሳቅም መጮህም አማረኝ። በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩ። አንድም አልጎደለም። ከዚያ ሐኪሞቹ ይዘውት ከመጡት ጄኔሬተር ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሲስተር ሙሉ አግኝታኝ ነበር፤ በፎጣዋ ፊቴን ጠረገችልኝና «ነይ፣ ስራ አለ» አለችኝ። ሐኪሞቹ ምሳቸውን ትተው ሰሩ። የሄዱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ፋሻው በማግስቱ ነው የሚፈታው። ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ሙሉ እየፈታች እኔ የዓይን መሞከሪያ ካርቶኑን ይዤ ቆምኩ። የኔታ ዓይናቸው እንደተፈታ ግድግዳውን ዞረው አዩና፣ «ይሄ ነው የአምናው?» አሉ። ሲስተር ሙሉ ጣናዋን ያን ቀን አወረደች።

እማ ትብለፅ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት አደረጉ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ፊቷን በመዳፋቸው ይዘው በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሏት፤ እሱን ለራሳቸው ልተወው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ወደ ላይ አዩኝ፣ ወደ ታች አዩኝ።

«ድምጿ ነው እንጂ» አሉ፣ «ፊቷስ ደህና ነው።»

ከመቀነታቸው ካርዱን አውጥተው ሰጡኝ። «ቀኑ ዛሬ ነው አይደል ያልሽኝ? ይኸው ደረሰ። ያዢው፤ ከእንግዲህ ቀኑን ራሴ አያለሁ።»

ህዳር 13። ያው ሐሙስ።

አለቃዬን «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬው ስለነበር፣ በማግስቱ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። መልካም ሰው ነው፤ ያላየውን ስላላየ ነው። ካርዷን ገለባበጣትና፣ «እሺ፣ ይቆይ። ግን ፊደሉን ትንሽ አሳንሺው» አለኝ።

አሳንሼዋለሁ። እኔም ድሮ ካርዱን ያሳመርኩት ለማን ዓይን እንደነበር ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ያኔ ካርዱን ከሚይዙት ሰዎች አንዱም አያየውም ነበር። ሌላ ጊዜ ያንን ምሽት፣ ሐኪሞቹ ዘግይተው የሄዱበትን መንገድ አስባለሁና ትከሻዬ ይቀለኛል። ካርዷን ወደ ቦታዋ፣ ከመታወቂያዬ ጀርባ መለስኳት። አለቃዬ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። ከ‹ረቡዕ› ስር፣ በጣም በትንሹ፣ ‹ሚካኤል›። እስካሁን ያየው የለም።