ከፀጉር ቤቱ ጓሮ የሚወርደው ቱቦ

ታላቅ እህቴ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ከፀጉር ቤቷ ጓሮ ወንዝ ያልፋል፤ ወንዝ ከተባለ። ውሃው እንደ ንፍጥ ይጎተታል። ጎረቤቷ ሥጋ ሻጭ በየማታው አንጀትና ፈርስ ስለሚደፋበት፣ ጠዋት ዝንቡ መስኮቷን ያጠቁረው ነበር። «የወንዝ ጠባቂዎች» የሚባለው የሰፈሩ ማኅበር ውስጥ የገባችው ያን ሰውዬ ለማስቆም ብላ ነው።

ማኅበሩ ድልድዩ ላይ «ወንዛችን ሕይወታችን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሥጋ ሻጩ በሥሩ እያለፈ መድፋቱን ቀጠለ።

«ይሄ ወንዝ ምኑ ይወደዳል?» ትለኝ ነበር እህቴ። «ይልቅ ይቅፈፋቸው።»

የወንዙን ወሬ የምትጀምረው ደንበኛዋ አንገቷን መታጠቢያ ገንዳው ላይ አስደግፋ፣ ፀጉሯ አረፋ ሲሞላ ነው። ዓይኗን ጨፍና ወዴት ታመልጣለች?

አንድ ቀን የሥጋ ሻጩ ሚስት ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው ሊታጠቡ ገንዳው ላይ ጋደም አሉ።

«እትዬ፣ ጠዋት ያየሁትን ልንገርዎት? አንጀቱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲንሳፈፍ ቆየና ፈነዳ። ትሉ እንደ ሩዝ ተዘረገፈ። ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ? የልጅዎ ዳቦ ላይ።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ቁርሴን ልታስወጪኝ ነው?» አሉ። ወዲያው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ለመሆኑ ይሄ የምታጥቢልኝ ቀለም ወዴት ነው የሚሄደው?»

እህቴ ውሃውን ዘጋች። የገንዳው ቱቦ የሚወርደው እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ስንት ዘመን ስታወራ ይሄ አልታያትም ነበር።

«ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽው?» ሴትዮዋ ሳቁ። «በቀለምሽ ዝንቡንም አስቀየምሽው እኮ!»

ማታ እራት አልቀመሰችም። በማግስቱ ሁለታችን ቱቦውን በሲሚንቶ ደፈንነው። መጀመሪያ እጄን አስገብቼ ያወጣሁት የፀጉርና የቀለም ዝቃጭ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያቅለሸልሸኛል። ከዚያ ወዲያ እጣቢውን በበርሜል እያጠራቀመች ለፍሳሽ መኪና ትሰጥ ጀመር። ሽታው ቤቱን ስለሞላው አንዳንድ ደንበኛ ሸሸ።

ሴትዮዋ ግን ተመልሰው መጡ። ሳይቀመጡ ጓሮ ዞረው የተደፈነውን አዩ፤ የበርሜሉን ክዳን ከፍተው አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ ገንዳው ላይ ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በይ ቀጥዪ። ዝንቡ ላይ ነበር ያቆምሽው።»

ሥጋ ሻጩ ከዚያ ሳምንት ወዲህ አልደፋም። ከወንዙ ላይኛው በኩል ያሉት ግን ዛሬም ይደፋሉ፤ ወንዙም ይገማል። እህቴ ካረፈች በኋላ ገንዳውን ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር። አልሸጥኩለትም።