እሳቸው ናቸው

የፈራሁት ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ብቅ ብሎ ልጄን «የትኞቹ እሳቸው?» ያላት ጊዜ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ በዚያ ፀሐይ ካፖርት የሚለብስ ጆሮ ጠቢ ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው ከራዲዮን ነው። በየሳምንቱ የሚተላለፍ የግድያ ታሪክ ነበር፤ አንድ ሀብታም ቡና ነጋዴ ተገድለው ያስገደላቸው አልታወቀም። በመጨረሻው ቀን፣ ሁሉን ያየው ዘበኛ ቆስሎ ሲያጣጥር «ማን ነው?» ቢሉት፣ «እሳቸው... እሳቸው ናቸው» ብሎ ሞተ። አለቀ። ሙዚቃ! ደራሲውን ባገኘው በዘነዘና ነበር።

«እሳቸው» እንደሆነ ለወንድም ለሴትም ነው። ሚስትየዋም ትልቅ ሰው፣ የሟቹ ታላቅ ወንድምም ትልቅ ሰው። የሰፈራችን ሴቶች ለሁለት ተከፈልን። እኔ ወንድምየው ናቸው ባይ ነኝ፤ ለቅሶው ላይ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገዋል። ያዘነ ሰው ጉሮሮ አይጠርግም! ጎረቤቴ ቅመም ሻጯ አሮጊት ግን፣ «ወላሂ ሚስትየዋ ናት! ዒዳዋ ሳያልቅ ሂና የተቀባች!» ይላሉ።

«ሟቹ ክርስቲያን ናቸው፣ ባል የሞተባት እስላም የምትቆጥረው ዒዳ እሷ ላይ ምን አለባት?» እላቸዋለሁ።

«እፍረትም የላት?»

ያን ቀን ተማሪዋ ልጄ የእኔን ወገን ልትረዳ ብላ፣ በወረሰችው የእናቷ ድምፅ «እሳቸው ናቸው ያስገደሉት! እኔ ድሮም ጠርጥሬያቸዋለሁ!» ብላ ገበያውን አናወጠችው። በዚያ ዘመን ደግሞ ስም ሳይጠራ «እሳቸው» ከተባለ፣ ዙፋን ላይ ያሉት ናቸው።

«የራዲዮኑን ነው ጌታዬ» አልኩት።

«እኔ ራዲዮን አልሰማም።»

መቼ ይስማ? ውሎው እኛን መስማት!

ካፖርታሙ ልጄንና እኔን ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ነዳን። አሮጊቷ ሚዛናቸውን እንዳንጠለጠሉ ተከተሉን። ያኔ ተማሪ ከታሰረ መቼ እንደሚፈታ የሚያውቀው እግዜር ነው።

መቶ አለቃው ነገሩን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። «እናት፣ እኚህ እሳቸው የምትሏቸው ወንድ ናቸው ሴት?»

ገባኝ። ሴት ከሆኑ ንጉሡ አይደሉም፤ ልጄም ወደ ቤቷ። ስንት ጊዜ የተከራከርኩባቸው ወንድምየው ጉሮሮዬ ላይ ቆሙ። አሮጊቷ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«ሴት ናት» አልኩ። «ሚስትየዋ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አሮጊቷ። ልጄ ስለተረፈች ይሁን እኔን ስለረቱኝ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ይኼኔ ከእስር ክፍሉ አንድ ጎርናና ድምፅ «ውሸት! ወንድ ናቸው!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል አንተ ሌባ!» አልኩት፣ የገዛ ወገኔን።

«ወንድምየው ናቸው እንጂ! ለቅሶው ላይ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳያስበው «እውነቱን ነው» አለ። መቶ አለቃው መሳቅ ጀመሩ። ካፖርታሙን «ሂድ፣ ራዲዮን ግዛ» አሉት። ለእኛ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ከእንግዲህ ገበያ ላይ እሳቸው የለም። እሱ በሉ፣ እሷ በሉ። ሂዱ» አሉን።

ልጄን ክንዷን ጨምድጄ በጀጎል ጠባብ መንገድ እየሮጥኩ ቤት አስገባኋትና በሩን ቀረቀርኩ።

«እማዬ፣ ሚስትየዋ ናት አልሽ እኮ!» አለችኝ።

«ዝም በይ። ወንድምየው ነው። እሱ! አንቺ ግን ቤትሽ ገብተሻል። ድነናል።»