ተኳሹ አልታወቀም

የቀበሌ ጸሐፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ በሠርግና በለቅሶ መተኮስ ሲከለከል፣ የሰፈሬን ሰው «አልተኩስም» እያሰኘሁ ቤት ለቤት ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። በየስብሰባው «ወደ ሰማይ የተኮሳችሁት ሰማይ ላይ አይቀርም» እያልኩ እሰብክ ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁልኝ ደረቴ ይነፋል።

ከዚያ እህቴ ተዳረች።

አጎቴ ከአንኮበር ሲመጣ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ መጣ። ጓዳ አስገብቼ «ጋሼ፣ በእናትህ ተው፤ ሰው ምን ይለኛል?» አልኩት።

«አባቷ ቢኖር እንዲሁ በዝምታ ይሸኛት ነበር?» አለኝ። «ሁለት ብቻ ናት። ቀበሌህ ስትሄድ ጸሐፊ ሁን፤ እዚህ ወንድሟ ነህ።»

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ነገሩ አንጀቴን በላኝ። ፖሊሶች አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር፤ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። እኔ ግን «አላየሁም» ብዬው መጠጥ ላሳልፍ ወጣሁ። ሙሽራዋ ስትወጣ ሁለቱ ጥይት ተተኮሰ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኮራሁ፤ ከሁሉም አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ከወለጋ ጥይት ሸሽተው የመጡ አንዲት እናት ልብስ ሲያጥቡ ከሰማይ የወረደ ጥይት ቀኝ ትከሻቸውን መቷቸዋል። ሕይወታቸው ተርፏል። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «በዕለቱ በአካባቢው ሦስት ሠርግ ስለነበር ተኳሹ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁበት። በሌሎቹ ሁለት ሠርጎች አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ያስፈረምኳቸው ሰዎች ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማስፈረሙ እንደገና ታዘዘ፤ አሁን መጠለያውም ተጨመረ። የእኚያን እናት በር ዘልዬ ለማለፍ ስጣደፍ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኛን ትተኸን ልትሄድ ነው?»

«እማማ፣ እርስዎ መሣሪያ የለዎትም ብዬ ነው።»

«ባይኖረኝስ? እፈርማለሁ እንጂ። ሰው ሁሉ አንተን ቢሰማ እኔ መች እመታ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። «የተተኮሰው ከእኛ ሠርግ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ። ፈሪ ነኝ፤ ሥራዬን ፈራሁ፣ አጎቴን ፈራሁ፣ ከሁሉም በላይ የእሳቸውን ፊት ፈራሁ። ቀኝ እጃቸው አልነሣ ስላላቸው ግራ እጃቸውን ይዤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነካሁና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። በመሐረቤም ጠረግኩላቸው።

«እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።