የእትዬ ጥሩወርቅ ዳንቴልና ሁለተኛው ሬዲዮ

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ ልጆቼ ከውስጥ ክፍል "አባዬ፣ ዋይፋዩ ጠፋ!" ብለው ጮኹ። መብራት ሲጠፋ እንኳ እንዲህ አይጮኹም። ተነሥቼ ራውተሩ ወዳለበት መደርደሪያ ሄድኩ። ዳር ዳሩ አበባ የተሠራበት ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። ያን ዳንቴል የሠራውን እጅ የትም ባየው አልስተውም። እትዬ ጥሩወርቅ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሊጠይቁን መጥተው እኛ ዘንድ ነው ያደሩት፤ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነገሩ እንደማይመለከተው ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ሣቄ መጣ። ሣቁ ሳያልቅ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሽበት ከጀመረኝ ወዲህ እንባዬ ቅርብ ሆኗል።

ነገሩ የቆየ ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣን ሁሉ "ተደራጁ" የምንባልበት ዘመን ነበር። ተደራጅቶ ኮብልስቶን የጠረበ ጠረበ፤ ያልሆነለት መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ይወርዳል። ጓደኞቼ ለመውረድ ቆርጠዋል። ገጠር፣ ገበዝ ማርያም የምትኖረው እናቴ ግን ሁመራ የሚለውን ስም ስትሰማ ታለቅሳለች፤ የጎረቤታችን ልጅ ወርዶ ወባ አስቀርቶታል። "ልጄ፣ እባክህ መጀመሪያ አበልጄን አነጋግራቸው" አለችኝ። አበልጇ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። በጭቃ እየተንሸራተትኩ ጅጋ ወጣሁ፣ ከዚያ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ።

እትዬ ቡሬ ላይ ቤርጎ ነበራቸው። ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ የወንድማቸው የጋሽ ይርጋ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ በዚያ ሰፈር ኢንተርኔት ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። የቤርጎው እንግዶች፣ መምህሩም የግብርና ባለሙያውም፣ "ዋይፋይ የላችሁም?" እያሉ ሌላ ሰፈር ወደ ተከፈተው አዲስ ሆቴል መሄድ ጀምረዋል። እኔ እንግዲህ የኮምፒውተር ጥገና ተምሬያለሁ፤ ወጣትነትም አለ፤ "ከማዶ በአየር አመጣዋለሁ" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

ጋሽ ይርጋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "አምጣው። እስከ ቅዳሜ ሳይቋረጥ ከሠራ እኔ ዘንድ ሥራ አለህ። ካልሠራ ግን መስመሬን አታጨናንቅብኝ።"

የሁመራው መኪናም የሚነሣው ቅዳሜ ነበር።

የነበረኝ ራውተር ሁለት ሬዲዮ አለው። ሬዲዮ ስል ዜና የሚያወራውን አይደለም፤ ኢንተርኔቱን በአየር የሚቀበልና የሚያቀብል የውስጥ ክፍሉን ነው። አንዱ ከማዶ እንዲቀበል፣ ሁለተኛው ለቤርጎው ክፍሎች እንዲያድል አሰብኩ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሶፍትዌር ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ እሱን አጥፍቼ ከኮሌጅ በፍላሽ የያዝኩትን፣ ሰዎች በነፃ የሚያዘጋጁትን ሌላ ሶፍትዌር ጫንኩበት። አንደኛው ሬዲዮ ወዲያው ተነሣ። ሁለተኛው ድምፁን አጠፋ። የሚያስነሣው ፋይል ጎድሎት ኖሮ ከጋሽ ይርጋ ቤት አውርጄ ጫንኩለት፤ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጬ አጥፍቼ አበራሁት፤ ሁለተኛዋ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ስትል እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ በቆሎ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ካደርኩበት ቤት ስመጣ ሁለተኛው ሬዲዮ ሞቷል።

አጥፍቼ አበራሁት፣ ሠራ። አጠገቡ ውዬ ማታ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ። ጠዋት፣ ሞቷል። ሶፍትዌሩን ከሥር ከመሠረቱ ደግሜ ጫንኩ፤ ያው ነው። ጉልበቱን ቀነስኩ፣ ቻናሉን ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! ጋሽ ይርጋ በር ላይ ቆመው፣ "ልጁ ሲቀመጥ ይሠራል፣ ልጁ ሲነሣ ይጠፋል። እንግዲያ ልጁን ራሱን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጪው!" ብለው እህታቸውን ቀለዱባቸው። እንግዶቹ ሣቁ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ግን ከንፈራቸውን መጠው፣ "ዓይን ነው፣ ምን ይሆናል ሌላ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ዓርብ ማታ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ነገ ሁመራ እንደምወርድም ለእትዬ ነገርኳቸው። ልብሴን በፌስታል ቋጠርኩ። ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ መኪናው ከመሄዴ በፊት እትዬን ልሰናበት ብዬ ገባሁ። ማለዳ ተጓዥ እንግዳ ወጥቶ ኖሮ የግቢው በር ክፍት ነው። እሳቸው ወጥ ቤት ናቸው፤ ድንች ሲቀቀል ይሸተኛል። ወደ እንግዳ መቀበያው ብዘልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ጉብ ያለ ነገር አየሁ። ከላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል፣ ከሥሩ የታጠፈ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ሥር የኔ ራውተር! ብነካው ከድስት እንደ ወጣ ድንች ያቃጥላል። ለካስ ግሎ ነው የሚጠፋው። በቡሬ ክረምት፣ ጉም ከደጅ በማይጠፋበት፣ ስለ ሙቀት ማን ያስባል?

"ውይ በሞትኩት!" አሉ እትዬ ከኋላዬ። ለስንቄ የቀቀሉትን ድንች በሳሕን ይዘዋል። "አትሣቅብኝ ልጄ። የተማርክ ነህ ብዬ ስትመጣ አነሣው ነበር።"

"ለምን ከደኑት እትዬ?"

"እንግዳው ሁሉ እየገባ 'ይህን ማን ሠራው? እንዴት ያለ ልጅ ነው!' ይላል። 'እግዜር ይባርከው' የሚል ግን አንድ የለም። ሰው ዓይኑን እንዳያሳርፍብህ ብዬ ነው። ይኸው በጠፋ ቁጥር እየደረብኩበትም አልሆነልህ።"

ስለ ሙቀት ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ያ ሁሉ ድርብርብ ለኔ ነበር፤ ከእናቴ በቀር እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው አላውቅም። "እትዬ፣ የሰው ዓይን ከማይደርስበት ብንሰቅለውስ?" አልኳቸው። ግድግዳው ላይ፣ ኮርኒሱ ሥር፣ ትንሽ ጣውላ መታሁ። ዳንቴሉን ከሥሩ አነጠፍኩት፣ መስቀሉን ጎኑ አቆምኩት፣ ራውተሩን ራቁቱን አስቀመጥኩት።

ይሥራ አይሥራ ገና አላወቅሁም። የመኪናው ጥሩምባ ከወደ መናኸሪያው ሁለቴ ጮኸ። አልወጣሁም። ቁጭ ብዬ መብራቷን እያየሁ የስንቄን ድንች በአዋዜ በላሁት። በማግሥቱ ጠዋት ስመለስ ሁለተኛው ሬዲዮ እንደበራ ነው። ጋሽ ይርጋም ቀጠሮው ቢያልፍም ቃላቸውን ጠበቁ፤ እሳቸው ዘንድ ሥራ ገባሁ፤ ዛሬ ያለኝ ሱቅ፣ ትዳሬም ጭምር፣ ከዚያ የመጣ ነው።

እውነቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ዳንቴሉን በእጄ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እስኪያስለቅሳቸው ሣቁ።

"እንግዲያ ቡዳዋ እኔው ነኝ በለኛ!"

"ኧረ በማርያም እትዬ! ለኔስ እናት ነዎት። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

ሣቃቸውን አቆሙ። ዳንቴሉን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ጠርዙን በጣታቸው አቃኑ።

"ያን ጊዜ ሁመራ ወረድክ?"

"አልወረድኩም።"

"ታዲያ!" አሉ። "እኔ ያን ሳጥን የምከድን መሰለህ?"

ተነሥተው ሄዱና ራውተሩን መልሰው ሸፈኑት። ልጆቹ ሊጮኹ ሲሉ በዓይኔ ተቆጣኋቸው። እትዬ ማክሰኞ ወደ ቡሬ እስኪመለሱ ድረስ ዳንቴሉን ማንም አልነካውም።